ስምንተኛው ላይ ሰው አለቀብኝ

ሐሙስ፣ ወር በገባ በ3

ይድረስ ለእታለም፣

በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የማረዳሽ ነገር አለኝና ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር ያዢ። ላለፉት ዘጠና ቀናት በታማኝነት ሲያገለግለን የኖረው፣ በጠባዩ ምስጉን የነበረው ባለ አሥራ ሁለት ፊደል ፓስወርድሽ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በድንገት ተለይቶናል። ሟች ከአንድ ትልቅ ፊደል፣ ከሁለት ቁጥርና ከአንድ ኮከብ ጋር ይኖር ነበር። ልጅ አልተወም።

ገዳዩ ራሱ ዩኒቨርሲቲሽ ነው። «ዘጠና ቀን ሞልቶታል፣ ቀይር» አለኝ። ቀየርኩ። «አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይመሳሰላል» አለኝ። ሌላ ሰጠሁት። «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» ብሎ ዘጠኝ ትናንሽ ፎቶ ደረደረልኝ፤ ደረጃ ያለበትን ምረጥ ነው ነገሩ። አንደኛው ፎቶ ላይ የደረጃ ጫፍ ብቻ ትታያለች። ጫፍ ደረጃ ናት ወይስ አይደለችም? አለቃዬን ጠራሁት። ኮፒ ሊያስነሳ የመጣውን ጠበቃም ጠራሁት። ጠበቃው መነጽሩን አድርጎ ካየ በኋላ «በሕግ ዓይን ደረጃ ናት» አለ። ነካኋት። ሮቦት ነህ ተባልኩ። እማዬ በተናደደች ቁጥር ብዙ ነገር ብላኛለች፤ ሮቦት ግን ብላኝ አታውቅም።

ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ያለሽበት ጤና ጣቢያ ስልኩ «ሃሎ» ከምትለው ቃል ሌላ አያሳልፍም። ስለዚህ ይኸው እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ፣ «ቀስ በቀስ» ባልነው ሹፌር የጭነት መኪና። (ሰውዬው ቅጽል ስሙን ሰምቶ ተቆጥቷል አሉ፤ ቁጣው ግን ገና እየመጣ ነው፣ መንገድ ላይ ነው።) እኅትህ የት ነው ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው ሲሉኝ «በኢንተርኔት» እላለሁ፤ ሰው በአየር ላይ የምትማሪ ይመስለዋል። ትምህርትሽ በአየር የሚመጣው እስከ እኛ ኮፒ ቤት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ታትሞ፣ ታስሮ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው የሚደርስሽ። አንቺ በእጅሽ ትጽፊያለሽ፣ እኔ በሁለት ጣት እተይባለሁ። ሳይኮሎጂሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ቢል አትገረሚ።

አሁን ለጠየቅሽኝ እንዳመጣጡ ልመልስ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷም ደህና ነው፤ የሚያማት አንቺ ስትነሺ ብቻ ነው። «እኅትህ የምትማርበት ቤት በር አለው?» ትለኛለች። የለውም ስላት «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ትስቃለች፤ ከዚያ መስኮቱን ትዘጋለች። የሰባተኛው ሳምንት ቪዲዮ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ሦስት ቀኑ ነው፣ ምን እንዳስቀየምነው አላውቅም። ቀይ እስክሪብቶ፣ አማካሪሽን ማለቴ ነው፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ አይቶ መልሶታል። ከጽሑፍሽ ይልቅ ቀዩ ይበዛል።

መጠይቆቹን በተመለከተ። ስልሳ ሰጥተሽኝ ነበር፣ ስልሳ መልሻለሁ። እንዳልሽኝ ሁሉም ከመስኮት ጀርባ ሆነው ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያስተናግዱ ናቸው፦ ትኬት ቆራጭ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ የውሃ ክፍያ ቢሮ። ሠላሳውንም ጥያቄ ከ1 እስከ 5 እየከበቡ ሞልተዋል። እንዴት ብለሽ አትጠይቂኝ። የፈረሙበት የፈቃድ ወረቀት እኔ ጋ ነው፤ ጆንያው ላይ ቦታ ጠቦ።

አዲሱ ፓስወርድ ከታች አለ። እንዳትቆጪ።

ጣትሽና ዓይንሽ፣
ወንድምሽ ጭራሮ


ሰኞ፣ በ7

ለጭራሮ፣

ፓስወርዱን አየሁት። ያስቃል። ቀይረው።

ስልሳዎቹን ባዶ የሕሙማን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ስልሳ ናቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ አርባ ካመጣ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር። አንተ የጀመርከውን ነገር ስትጨርስ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ አሥረኛ ክፍልን ጨምሮ። ለዚህም እጅህን ይባርከው ከማለት በቀር የምለው የለኝም። ሰዎቹ ሲሞሉ ምን ይሉ ነበር? ጻፍልኝ፤ ለመግቢያው ይጠቅመኛል።

አሁን ደግሞ ሳትቀልድ ስማኝ። ሁለት ጊዜ አራዝሜያለሁ፤ ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም። ጽሑፉ እስከ ወሩ 30 ካልገባ ስሜ ከመዝገብ ይሰረዛል። ይህን ዲግሪ ለግድግዳ አይደለም የፈለግኩት። የከተማው ሆስፒታል የምክር አገልግሎቱን ቦታ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ብቻ ነው የሚያቆይልኝ። ካገኘሁት ቤቴ እገባለሁ። ካላገኘሁት እዚሁ እየወጋሁና እየሰፋሁ፣ እማዬን በዓመት ሁለቴ እያየሁ እቀጥላለሁ። አራት ዓመት እንደዚህ ሆኗል። በቃኝ።

በሌላው ሁሉ ቀልድ። በዚህ ግን አትቀልድ።

እታለምህ


ሐሙስ፣ በ10

ይድረስ ለእታለም፣

እጅህን ይባርከው ያልሽውን ምርቃት በዚሁ መኪና መልሼ ልኬልሻለሁ። ለጊዜው አንቺ ጋ ይቀመጥ። እጄ አሁን ለምርቃት አልተዘጋጀም፤ የቀለም ዱቄት ስቀይር ነበር።

ሰዎቹ ምን ይሉ ነበር ላልሽው፦ የባንኳ ልጅ ጥያቄ 14 ላይ ስትደርስ ቆመች። «በሥራዬ ላይ ሳያስቀኝ እስቃለሁ» የሚለው ነው። ግራ ቀኟን አየችና «ይኼን ማን ነገራችሁ?» አለችኝ። ያን ስትል እየሳቀች ነበር። ትኬት ቆራጩ ሠላሳውንም ጥያቄ 3 ብሎ ከበበው። «ምነው ጋሼ?» ብለው «ልጄ፣ ሰላም ያለው መሐል መሐሉን ነው» አለኝ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ቁጥር አልበቃት ብሎ ዳር ዳሩን ጻፈችበት፤ በየሳምንቱ እየመጣ የዚያንኑ መድኃኒት ዋጋ ጠይቆ ስለሚሄድ አንድ ሰውዬ ነው፤ አንብቢው፣ እኔ እንኳ አልቀለድኩበትም።

ቪዲዮው በአምስተኛው ቀን አለቀ። እየጠበቅኩ ስለነበር ሳላስበው ሙሉውን አየሁት። ስለ «መካድ» ነበር፤ ሰው የከበደውን ነገር እንደሌለ አድርጎ መኖሩ። በማግስቱ አለቃዬ «ማሽኑ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» እያለ ሲመታው «ጋሼ፣ እርስዎ እየካዱ ነው» አልኩት። «የካድኩት አንተን የቀጠርኩ ቀን አእምሮዬን ነው» አለኝ። ሁለት ተራ የቆሙ ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ።

ዩኒቨርሲቲሽ አዲሱን ፓስወርድ ተቀብሏል። ፎቶዎቹ ዛሬ የትራፊክ መብራት ነበሩ። ምሰሶው መብራት ነው አይደለም በሚለው ላይ ከጠበቃው ጋር ተጣልተናል።

ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ። ግን ቀስ በቀስ ሞተሩን አስነስቷል፤ ሰውዬው በሕይወቱ ፈጥኖ የሚያውቀው ዛሬ ነው። እንግዲህ ይደር።

ጭራሮ


ሰኞ፣ በ14

ለጭራሮ፣

ምን ነበር የምትነግረኝ?

ሦስተኛውን ምዕራፍ ልኬልሃለሁ፣ ቀስ ብለህ ተይበው። ስልሳውን ደምሬ ጨርሻለሁ፤ የስሜት ድካማቸው አማካይ 3.61 ወጣ። መመሪያው ገጽ 9 ላይ እንደሚለው የእያንዳንዱ ሰው የፈቃድ ወረቀት በስካን ከጽሑፉ ጋር ይያያዛል። ስልሳውንም ከአሁኑ ስካን ማድረግ ጀምር። ለቀኑ አትተው።

ደግሞ አንድ ነገር። ከ53 እስከ 59 ያሉት፣ የውሃ ክፍያ ቢሮዎቹ፣ ሲያስቁኝ ሰነበቱ። ሰባት ሰዎች በአንድ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ተጫዋች ሲሆኑ አላየሁም። እዚያ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተሰልፌ አውቃለሁ።

እታለምህ


ሐሙስ፣ በ17

ይድረስ ለእታለም፣

የፈቃድ ወረቀቱ ሃምሳ ሁለት ነው።

ይኸው ተናገርኩት። አሁን ከፈለግሽ ደብዳቤውን ቀዳደሽ ለቀስ በቀስ ስጪው። ካልቀደድሽው ግን እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሃምሳ ሁለቱን ሰው በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ስምንት ቀረ። የውሃ ክፍያ ቢሮ ስምንት መስኮት አለ፣ ስምንት ሰው፤ ልክክ አለልኝ። ገባሁ። «መጀመሪያ ኃላፊውን» አሉኝ። ኃላፊው ክፍል ገባሁ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከዩኒቨርሲቲ።»

«ደብዳቤ?»

የትብብር ደብዳቤሽን ሰጠሁት። አነበበው። ጀርባውን አየ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ በብርሃን አየው።

«ማህተሙ የታለ?»

«ጋሼ፣ ይኼ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው።»

«ይሁና። ማህተሙ የታለ?»

«ማህተም የለውም።»

«ማህተም የሌለው ዩኒቨርሲቲ አለ?»

«በርም የለውም ጋሼ።»

ይኼን ማለት አልነበረብኝም።

ለዩኒቨርሲቲሽ ጻፍኩ። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ከአምስት እስከ አሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንመልሳለን» የሚል መልስ በሁለት ሴኮንድ መጣ። በዘጠነኛው ቀን ሌላ ደብዳቤ ላኩልኝ፦ ማህተም አንጠቀምም፣ ትክክለኛነቱን በስልክ ካሜራ የሚያረጋግጡበት ምልክት ከታች አለ፣ ይላል። ጥቁርና ነጭ የተጨማለቀባት አራት ማዕዘን። ወሰድኩለት። «ይኼማ ብስኩት መጠቅለያ ላይ ያለው ነው» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ እንዲያየው ለመንኩት። ስልኩ በቁልፍ የሚደወልበት ዓይነት ነው። በእኔ ስልክ አሳየሁት፤ የዩኒቨርሲቲሽ ገጽ ተከፈተና ሮቦት አለመሆኔን ጠየቀኝ። ኃላፊው ከላይ እስከ ታች ሲያየኝ እሱም ያንኑ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአምስተኛው ዘበኛው ራሱ «ዛሬም ማህተም የለህም?» አለኝ፣ ከማዘኑ የተነሳ። ወደ ሌላ መስኮት ልሂድ እንዳልል ከተማው ውስጥ ያለ መስኮት ሁሉ አልቋል። አንዱ ዘግቶ ወጥቷል፣ አንዱ «ባለፈው ሞላሁልህ አይደል?» አለኝ።

አለቃዬ ነገሩን ሰምቶ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ማህተም በሁለት ደቂቃ ሠርቼ እሰጥሃለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩ። አየሽ፣ እኔም ወሰን አለኝ። ማህተም አልሠራም አልኩና ሰው ሠራሁ።

53 የምትንተባተብ ሴትዮ ነች፤ ሰው ሲጮህባት ዘፈን ታንጎራጉራለች። 54 ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ቀርቶታል፣ ሁሉን 1 ብሎታል፣ ምንም አይመስለውም። 55 እና 56 መንታ ናቸው፤ ሆን ብዬ ነው መልሳቸው አንድ የሆነው። 57 ከአለቃዋ ጋር ፍቅር ይዟታል። 58 ቂመኛ ነው። 59 እንቅልፋም ነው፣ ከጥያቄ 20 በኋላ እየዘለለ ነው የሞላው። ስምንተኛው ላይ ሰው አለቀብኝ። እሱንም እንዲሁ ሞላሁት።

ያን ለት እየሳቅኩ ነበር የሞላሁት፣ አልዋሽሽም። ከዚያ «እጅህን ይባርከው» የሚለው ደብዳቤሽ መጣ። ባለፈው ሐሙስ ልነግርሽ ነበር፤ ቀስ በቀስ ላይ ማሳበቤ ውሸት ነው፤ ሰውዬው ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ጎማ ሲነፋ ነበር።

ይቅርታ የምትለዋን ቃል በዚህ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ጽፌ ሰረዝኩ። ትንሽ ሆነችብኝ።

ወንድምሽ


ሰኞ፣ በ21

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለአንዲት ሕፃን መርፌ ልወጋ ስል መርፌውን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ወጣሁ። ይህን እንድታውቀው ነው የጻፍኩልህ እንጂ እንድትቀልድበት አይደለም።

አራት ዓመት ሙሉ ጥሩ ሰው እንደላክኩ ሁሉ ተማምኜብህ ነበር። ሞኟ እኔ ነኝ። ከዝንብ ማር የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ሰባቱን ጣልኳቸው። መንታዎቹንም፣ ፍቅር የያዛትንም። ሃምሳ ሁለት ቀረ። መመሪያው ስልሳ አይልም፤ ዝቅተኛው ሃምሳ ስምንት ነው። ስልሳ እንዲሆን የፈለግኩት እኔ ነበርኩ፣ ለመጠባበቂያ። ሃምሳ ሁለት ይዘህልኝ ብትመጣና «እታለም፣ አቃተኝ» ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር እየተነጋገርን ነበር። «አቃተኝ» ማለት ለምን እንደዚህ ይከብድሃል?

ስለ ሰባቱ ነገርከኝ። ስለ ስልሳኛው አልነገርከኝም።

ሰባቱ ሁሉም እንዳንተ ይቀልዳሉ። ስልሳኛው አይቀልድም። ጥያቄ 14፣ «ሳያስቀኝ እስቃለሁ»፦ 5። ጥያቄ 22፣ «ሥራ ጨርሼ ስወጣ ዝም ከማለት በቀር ምንም አልፈልግም»፦ 5። ጥያቄ 27፣ «የልቤን የምነግረው ሰው አለኝ»፦ 1። ክቡ ሁለት ጊዜ ተደርቦበታል፤ ወረቀቱ ጎድጉዷል።

ይህን ሰው አልጥለውም። ኮፒ ቤት ውስጥ ከመስኮት ጀርባ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ያስተናግዳል፤ በጥናቱ ደንብ ውስጥ ይገባል። ግን ያለ ፈቃድ ወረቀት አልቆጥረውም። አስፈርመው። ካልፈለገ አይገደድም፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከፈረመ ወንድሜ መሆኑን ለአማካሪዬ እጽፋለሁ።

ሌላ አምስት ሰው ደግሞ ያስፈልገኛል፣ በሕይወት ያሉ። እስከ ሐሙስ። ማህተም እንዳትሠራ።

እታለምህ


ሐሙስ፣ በ24

ይድረስ ለእታለም፣

አምስቱ ከዚህ ጋር አሉ። በሕይወት ያሉ ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም ተሳድባለች።

ማክሰኞ ስድስተኛ ጊዜዬን ወደ ውሃ ክፍያ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ገና ሳልናገር እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ክብ ሠራ፤ ማህተም ማለቱ ነው። ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀለድ ነገር አጣሁ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

«አቃተኝ» አልኳት።

እታለም፣ ቃሏን ሞከርኳት። አትጣፍጥም። ግን ሠራች። ሁሉን ነገርኳት፤ ስላንቺ፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ሰባቱ ውሸታሞች። ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን ተወችና «ማህተሙ እኮ የሚሠራው እስከ በሩ ነው። ከበሩ ወዲህ እኔ የራሴ ነኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፌርማታው ጋ ጠብቀኝ» አለችኝ።

ጠበቅኩ። ከአራት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ወንበር የለም፣ ጠረጴዛ የለም፤ አንዷ የሌላዋን ጀርባ ጠረጴዛ እያደረገች ሞሉ። «ቀጥ በይ እንጂ፣ 4 ልከብ ብዬ 5 አስከበብሽኝ!» «5ም አይበዛብሽ፣ እኔ ነኝ አጠገብሽ የምቀመጠው!» ሦስት አውቶቡስ አለፋቸው። ከተሰለፈው ሰው አንዱ «ምን እየተሰጠ ነው?» ብሎ ከኋላቸው ተሰለፈ። አምስቱም የፈቃድ ወረቀቱን አንብበው ፈረሙ።

ያን ጊዜ ኃላፊው ብቅ አለ። «አንተ! ማህተም የሌለው!» አለኝ በሰው ፊት። ስሜ እሱ ሆኗል። አንድ ባዶ መጠይቅ ከእጄ ወስዶ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሊቀደው ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጥያቄ 22 አካባቢ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። አጣጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተውና አውቶቡሱ ላይ ወጣ። እስካሁን አልመለሰውም። ሞልቶት ይሁን ጥሎት እንጃ። እኔም አልጠየቅኩትም።

ስልሳኛውን ሰውዬም ፈልጌ አገኘሁት። አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ «እኔ አይደለሁም» አለ። ከዚያ «ለቀልድ ነው የሞላሁት» አለ። ያ ቪዲዮ ትዝ አለኝ፤ ስለ መካድ የሚለው። ጫን ብዬ ስይዘው ትንሽ አወራ። እንደ ነገረኝ ከሆነ፣ አለቃው «ያላንተ ቀልድ ይኼ ቤት አይሠራም» ይለዋል። ማሽኑ ሲበላሽ ሰዉን አጫውት ይለዋል። ያጫውታል። ቤት ሲገባ እናቱ እኅቱ ናፍቃት ስለዋለች «እስቲ ዛሬ ምን የሚያስቅ አለ?» ትለዋለች። እሷንም ያስቃታል። ይኼ ሁለተኛው ፈረቃ ነው። ለእኅቱ ይጽፋል፤ እኅቱም ደክሟታል፣ እሷንም ያስቃታል። ሦስተኛው ፈረቃ። ክፉ ሥራ አይደለም ይላል። ቅሬታም የለውም። መስኮት የሌለበት ቦታ ማጣቱ ነው ብቻ።

ፈርሟል። ፊርማው ጭራሮ የተበተነ ነው የሚመስለው። ሃምሳ ስምንት ሆኑልሽ።

ወንድምሽ


ሐሙስ፣ አዲሱ ወር በገባ በ15

ይድረስ ለእታለም፣

በከባድ የኃላፊነት ስሜት የምገልጽልሽ ነገር ስላለ፣ ከዚህ ጋር የተላከውን ነጭ ፖስታ ይህን ሳትጨርሺ እንዳትከፍቺው። ከፈትሽው አይደል? አውቅሻለሁ። ዝጊው።

መጀመሪያ የ30ውን ቀን ልንገርሽ፤ ባለፈው ሳምንት «ገብቷል» ብዬ በአንድ ቃል የዘጋሁብሽን። ያንቺ የመጨረሻ ምዕራፍ ሰኞ ደረሰ። በሁለት ጣት ሁለት ቀን ተየብኩት። ረቡዕ ከሰዓት ስልከው «ፋይሉ ከበደ» አለኝ። የፈቃድ ወረቀቶቹን አሳንሼ ሰጠሁት። «የዚህ ዓይነት ፋይል አንቀበልም» አለኝ። ቀየርኩለት። «ቆይተሃልና እንደገና ግባ» አለኝ። ገባሁ። ሮቦት አለመሆንህን። ብስክሌት ነበር የዚያን ቀኑ። አንደኛው ፎቶ ላይ የብስክሌት ጥላ አለ፣ ብስክሌት የለም። አለቃዬ መጣ፣ ጠበቃው መጣ፣ ኮፒ የሚያስነሱ ሁለት ተማሪዎች መጡ። የቀረን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃሉ። አንዱ የሚያስቅ ነገር እንድናገር ዞር ብሎ አየኝ። እኔ አልተናገርኩም። «እስቲ ዝም በሉ» አልኩ። እታለም፣ ዝም አሉ! እንዲህ ማለት እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ጥላውን አልነካሁትም። ሰው ነህ ተባልኩ። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ላይ ቆመ። አለቃዬ ማሽኑን እንደሚመታው ኮምፒውተሩን ሊመታ እጁን ሲያነሳ ያዝኩት። ከዚያ አረንጓዴዋ ምልክት መጣች።

አሁን ፖስታውን ክፈቺ። ማክሰኞ የገባው የቀይ እስክሪብቶ መልስ ነው። እኔ አስቀድሜ አንብቤዋለሁ፤ ጣትሽና ዓይንሽ አይደለሁ? ሁለት መስመር ናት። «ተቀብያለሁ። የገጽ ቁጥሩን አስተካክዪ። የስልሳኛውን ተሳታፊ ዝምድና በግርጌ ማስታወሻ በግልጽ ማስቀመጥሽ ተገቢ ነው።» ቀይ የለበትም። በጥቁር ነው የጻፈው።

ለእማዬ ነገርኳት። ሳልቀልድ ነው የነገርኳት፣ ስለዚህ መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ የአልጋሽን ልብስ አውጥታ አጥባ አሰጣች። ሆስፒታሉ ገና አልጠራሽም ብላት «እስኪጠራት ይደርቃል» አለችኝ። አስቂኝ ነገርም አልጠየቀችኝም።

ልብ በይ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩት በሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ውስጥ ገብቻለሁ። ገጽ 41፣ ከታች፣ በትንሽ ፊደል። የግርጌ ማስታወሻ ሆኛለሁ። ለጠበቃው አሳይቼው «በሕግ ዓይን ትልቅ ነገር ነው» ብሏል።

ትናንት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ገጹን አገላብጬ አማካዩን ፈለግኩ። ከውሸታሞቼ ጋር 3.61 ነበር። ያለ እነሱ፣ በአምስቱ የፌርማታ ሴቶችና በእኔ፣ 3.58 ሆኗል። ሁለት ጊዜ ቀነስኩት፣ በማሽኑም ቀነስኩት። ሦስት መቶኛ። አንቺ መርፌ ያስጣለሽ፣ እኔን ስድስት ጊዜ ያመላለሰኝ፣ እንቅልፍም ወሬም የነሳን ነገር ሦስት መቶኛ ነው። ቀስ በቀስ ባለበት ቆሞ እንኳ ከዚህ በላይ ይራመዳል።

ጥያቄ 27 ላይ 1 ብዬ ነበር። ዛሬ ቢጠይቁኝ 2 እከባለሁ። የተሞላ መጠይቅ አይቀየርም ትያለሽ፤ አውቃለሁ፣ እንዳትቀይሪው፤ አማካዩንም ንቅንቅ አያደርገውም። ትንሽ ነገር ናት። ሁሉም ነገር፣ ከፓስወርዱ ሞት ጀምሮ፣ ትንሽ ነገር ነበር።

ወንድምሽ፣
የገጽ 41 ግርጌ